የሰማያዊው ቀሚስ እጅጌ

ሰፊ ለሰው እንጂ ለራሱ አይሰፋም። ይህቺ ሰፊም በሠላሳ ስድስት የሥራ ዓመታት ሙሽራ አልብሳ ሸኝታለች፣ ሐዘንተኛ ጥቁር አልብሳ አብራ አልቅሳለች፣ አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ደንብ ልብስ አስለብሳ አሰልፋለች፤ ለገዛ ገላዋ ግን ከትራፊ ጨርቅ በቀር ቆርጣ አታውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሴት ልጇ ከመምህራን ኮሌጅ በተመረቀች ዓመት፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ሰማይ የሚለብሰውን የመሰለ ሰማያዊ ጨርቅ አገኘችና ለሰው ልትቆርጠው እጇ እምቢ አለ። ለራሷ ቀሚስ ሰፋች። እጅጌው ረጅም፣ ወገቡ ሰብሰብ ያለ፣ ስፌቱ ከውስጥም ከውጭም አንድ የሆነ ቀሚስ።

«ውስጡን ደግሞ ማን ያየዋል?» አላት ባሏ።

«እኔ አየዋለሁ።»

የሰፈሩ ሰው «እትዬ መርፌ» ይላታል። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች ናት፣ ምላሷም ይዋጋል፤ ደግነቱ የወጋችው ቦታ ሁሉ ተሰፍቶ ይገኛል። የሥራ ክፍሏ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ናት፦ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት፣ ብስኩቱ ባለቀ ቆርቆሮ ውስጥ አፍ እስከ ገደፉ የሞላ ቁልፍ። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። ባሏ በዚያው መስመር ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ የተዋወቁትም የኮቱ ብብት ተተርትሮ ሊያሰፋ ገብቶ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቶ በሩ አጠገብ ወንበር ይዞ ይቀመጥና የወጣት ሹፌሮችን አቋቋም ሲነቅፍ ይውላል።

ቀድሞ ስትሰፋ ትዘፍን ነበር። ደንበኛ ደጅ ላይ ሆኖ በዜማዋ ብቻ ምን እንደምትሰፋ ያውቅ ነበር፦ ከፈጠነ አንሶላ ነው፣ ዝግ ካለ የሙሽራ ልብስ ነው፣ ጭራሽ ጸጥ ካለ ኮሌታ ላይ ደርሳለች። ግጥሙን ሙያውን ካስተማረቻት አክስቷ ወረሰችው፤ ግማሹን ከራሷ ሆድ ታወጣዋለች።

መርፌ ዓይኗ ጠቦ ክር አላስገባ አለ፤
በምራቅ አርሶ ነው የቻለ የቻለ።

ይህን ስታንጎራጉር የሰማ ሰው የያዘው ጉዳይ የሚቃናለት ይመስለው ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። አራት ዓመት ሆነው። ጎኗን ውጋት ሰቅዞ ያዛት፤ ባሏ ደግፎ ሁለት መንገድ አሻግሮ ወደ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ወሰዳት። ሐኪሙ የኩላሊት ጠጠር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ሲቲ ስካን አዘዘ። «ምስሉ እንዲጎላ በደም ሥርዎ መድኃኒት እንሰጥዎታለን፤ ትንሽ ይሞቅዎታል፣ እንዳይደነግጡ» አሏት። የሚቀየር የሕመምተኛ ልብስ አልነበረም። ሰማያዊውን ቀሚሷን እንደለበሰች፣ እጅጌዋን ጠቅልላ ተጋደመች።

ሙቀቱ መጣ። ተከትሎት ሳንቲም የመጠጠች ይመስል አፏ ብረት ብረት አላት። እስከዚህ ድረስ የተባለው ነው። ቀጥሎ ግን መዳፏን በላት፤ ብብቷን በላት፤ ከንፈሯ የሌላ ሰው ከንፈር መሰላት። አንድ ሰው የከረጢት ማሰሪያ ክር ስብ፣ ስብ የሚያደርግ ይመስል ጉሮሮዋ ጠበበ። ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። መጨረሻ ላይ የሰማችው የመቀስ ድምፅ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበት ድምፅ ነውና አልተሳሳተችም፤ ቀሚሷን እየቆረጡት ነበር።

ጭኗ ላይ አድሬናሊን ወጓት፤ ኦክስጅን አደረጉላት፤ ትንፋሿ ከሄደበት ተመለሰ። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የተናገረችው «በስፌቱ በኩል ብትፈቱት ምን ነበረበት?» የሚል ነው። ነርሷ ሳቀች። ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ።

ስትወጣ ቀሚሱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ሰጧት፤ ካርዷ ላይም አንድ ሰው በቸኮለ እጅ «አዮዲን አይስማማትም» ብሎ ጻፈ። ከረጢቱ ሳይፈታ ቁምሳጥን ላይ ወጣ። የሰውን ሁሉ ቅዳጅ የምትጠግን ሴት ያንን አልነካችውም። በዘፈኗ ፋንታም የመኪናው ድምፅ ብቻ ይሰማ ጀመር። «ምነው ዝም አልሽ?» ሲሏት «ክር ነው በአፌ የያዝኩት» ትላቸዋለች።

ያቺ አንዲት የካርድ መስመር ደግሞ ቤቱን ገለበጠችው። ባልየው ሰው ሁሉ የሚያማክር ሰው ነውና «አዮዲን ምን ውስጥ አለ?» እያለ ተሳፋሪ የነበሩትን ሳይቀር ጠየቀ። አንዱ ዓሣ አለው። ሌላው የታሸገ ጨው አለው። ሦስተኛው ቁስል ላይ የሚቀባው ቡናማ ፈሳሽ አለው። ሦስቱም በአንድ ቀን ከቤት ወጡ። ዓሣ የሚወድ እሱ ነበር እንጂ እሷ አልነበረችም፤ ቢሆንም ለአራት ዓመት አልቀመሰም። ጎረቤት ዓሣ ሲጠብስ ተነስቶ መስኮት ይዘጋል፤ ሲዘጋ ግን ትንሽ ይዘገያል።

ዘንድሮ ልጇ ጎትታ ለጠቅላላ ምርመራ ወሰደቻት። በአልትራሳውንድ ግራ ኩላሊቷ ላይ ጥላ ታየ። ምስር የሚያክል ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ሲታይ ባቄላ አከለ።

የኩላሊት ሐኪሟ ነገር የማታድበሰብስ ሴት ናት። «እናቴ፣ ይህ ነገር አሁን ትንሽ ነው። ዳር ላይ ከሆነ እሱን ብቻ ቆርጬ ኩላሊቱን አተርፋለሁ። መሐል ገብቶ ከሆነ ሌላ ነው። ደም ሥሮቹ በየት እንዳለፉ ሳላይ ግን ቢላ አልይዝም። በመድኃኒት የጎላ ሲቲ ስካን ያስፈልገኛል።»

«ያ መድኃኒት?»

«እሱ ወይም ወንድሙ።»

«ሌላ መሣሪያ የለም?»

«አለ። ወረፋው ስምንት ወር ነው። ባቄላው ስምንት ወር ይጠብቀናል ብዬ አላስብም።»

ሰፊዋ ልክ እንደሚወስድ ሰው ሐኪሟን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «አስቤበት እመጣለሁ» አለች። ቀጠሮው በደረሰ ጊዜ የተማሪ ደንብ ልብስ በዛብኝ ብላ ቀረች። ሁለተኛ ጊዜ ሙሽራ አስቸኮለችኝ አለች። ሦስተኛ ጊዜ ጉንፋን ይዞኛል አለች፤ አፍንጫዋ ግን ደረቅ ነበር።

ባሏ ከወንበሩ ሆኖ «መርፌ መርፌ ፈራች ቢባል ማን ያምናል» አለ።

እሷ መኪናውን አቆመች። «አንተ፣ ፍሬን ተበጥሶብህ ቁልቁለት ወርደህ ታውቃለህ?»

«አንድ ጊዜ። ግንብ ነው ያቆመኝ።»

«በማግስቱ ያንኑ አውቶቡስ ነዳህ?»

«በማግስቱማ አይደለም። መጀመሪያ ጋራዥ ገብቼ፣ ከሥሩ ተኝቼ፣ የቱ ጋ እንደተበጠሰ በዓይኔ አይቼ፣ ሲቀየር ቆሜ ጠብቄ ነው።»

«የኔን የቱ ጋ እንደተበጠሰ ማን አየ?» አለችና ፔዳሉን ረገጠች።

 ከሰዓት በኋላ ባልየው ለልጃቸው ደወለና ይህንኑ ቃል በቃል ነገራት። ልጅቷ ሕፃናት ስታስተምር የኖረች ናትና ከእምቢታ ሥር ያለውን ጥያቄ መስማት ታውቃለች። በማግስቱ መጥታ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመች።

«እማ፣ ስካኑን ተነሺ አልልሽም። አንድ ሰው ብቻ እናናግር። ምስል ክፍል ያለ ሐኪም ነው። እንደ አንቺ ያለባቸውን የሚያይ እሱ ነው አሉኝ።»

«ንግግር ብቻ?»

«ንግግር ብቻ። መርፌ ካወጣ መቀስሽን አውጪ።»

ሐኪሙ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወጣት ነው። ታሪኩን ከመነሻው እስኪያበቃ ድረስ ሳያቋርጥ ሰማ። ከዚያ ካርዷን ተቀብሎ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«እናቴ፣ ከዚያ ወዲህ ከምን ከምን ተከልክለዋል?»

«ከዓሣ፣ ከታሸገ ጨው፣ ከቁስል መድኃኒቱ።»

«ዓሣ ምን በደለ?»

ባልየው ከወንበሩ ወደፊት ተንፏቀቀ። «እንዴት? አዮዲን አይደለም እንዴ?»

«አዮዲንማ እርስዎም፣ እኔም፣ እሳቸውም ሰውነት ውስጥ አለ፤ ያለ እሱ አንኖርም። እሳቸውን የጎዳቸው ያ መድኃኒት ራሱ ነው፣ አሠራሩ። መድኃኒቱ ውስጥ አዮዲን ስላለ ይህን የጻፈው ሰው ነገሩን በአዮዲን አሳበበ። ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ዓሣውም ጨውም ንጹሕ ናቸው።»

 «አራት ዓመት» አለ ባልየው፣ ለራሱ።

ሐኪሙ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። «እነዚህ መድኃኒቶች ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዱ የጠላው ሰውነት ሌላውን ሊቀበለው ይችላል። የትኛው እንደሆነ ባውቅ እሱንና ወንድሞቹን በጠብታ ቆዳዎ ላይ እሞክርና የሚስማማዎትን እመርጣለሁ። ያ ክሊኒክ ስሙን መዝግቦ ይሆን?»

«ክሊኒኩ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆነው» አለች ልጅቷ። «ጠይቄያለሁ፤ መዝገቡ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።»

«ከዚያ ቀን የቀረ ነገር የለም? ወረቀት፣ ደረሰኝ፣ ምንም ቢሆን?»

 የሰፊዋ ጣቶች የሜትሯን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ወንበር ላይ ቆመችና ከቁምሳጥኑ አናት ከረጢቱን አወረደች። አቧራው ጣቷን አለበሰው። ቋጠሮውን በመቀስ ብትቆርጠው ቀላል ነበር፤ እሷ ግን በጥፍሯ ፈታችው።

ሰማያዊው አልደበዘዘም። ጨለማ ውስጥ ስለኖረ ሊሆን ይችላል፤ ከመስኮቱ ውጭ ካለው ሰማይ ይልቅ ሰማይ ይመስል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ግራ እጅጌው ከአንባር መዋያው እስከ ትከሻው ተሰንጥቋል፤ ከዚያ መቀሱ ወደ ደረቱ ዞሯል። የቆረጠው እጅ የቸኮለ እጅ ነው፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ይላል። ሰፊዋ በጣቷ መንገዱን ተከተለችው። አራት ዓመት ሙሉ ይህን እጅ ስትወቅሰው ኖራለች። አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትሄድበት ሌላ ነገር አነበበች፦ ይህን ጨርቅ የቆረጠ ሰው ቀሚስ እያበላሸ አልነበረም፤ ሰው እንዳይሞትበት እየሮጠ ነበር።

እንባዋ እጅጌው ላይ ጠብ አለ። ልትጠርገው ጨርቁን ገለበጠችው።

ከውስጥ በኩል፣ ያ ማን ያየዋል የተባለው ስፌት ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ተለጣፊ ወረቀት ተጣብቃለች። ጠርዟ ተጨማዷል። ከብልቃጥ ላይ የተላጠች ናት፤ ካርዱ ላይ ልትለጠፍ ተልጣ፣ ግርግሩ ሲነሳ ወድቃ በተጠቀለለው እጅጌ ውስጥ የቀረች። ስምና ቁጥር አለባት። ሰፊዋ ክር የምታስገባበትን መነጽር አድርጋ ፊደል በፊደል አነበበችው። ረጅም ስም ነው።

ባሏ ዳቦውን ይዞ ሲገባ ቀሚሱን በሁለት እጇ ወደ ላይ ይዛ አገኛት።

«የተበጠሰበትን አገኘሁት» አለችው።

የቆዳ ምርመራው የተደረገው በሳምንቱ ነው። ነርሷ ክንዷ ላይ በብዕር አራት ነጥብ ምልክት አድርጋ አራት ጠብታ ከቆዳዋ በታች በቀጭን መርፌ አስገባች። አንደኛው ያ ረጅም ስም ያለው ነው፤ ሦስቱ ወንድሞቹ። አድሬናሊኑ በትሪ ላይ ተዘጋጅቶ አጠገባቸው ተቀምጧል። ሃያ ደቂቃ ይጠበቃል። ባል በኮሪደሩ ይመላለሳል፤ ልጅ የእናቷን ሌላኛውን እጅ ይዛለች።

በአሥረኛው ደቂቃ የመጀመሪያው ነጥብ ቀላ፣ በላ፣ አበጠ። ሌሎቹ ዝም አሉ። ሃያው ሲሞላ ነርሷ ማስመሪያዋን ስትፈልግ ሰፊዋ ክንዷን አየት አደረገችና «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር» አለች።

ነርሷ ለካችው። ዘጠኝ ነበር። «እትዬ፣ እኛ ጋ ይቀጠሩ» አለቻት።

ከሦስቱ አንዱ ጥቂት ቀልቷል፤ ሁለቱ ግን እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ልሙጥ ናቸው። ባለ መነጽሩ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ተመለከተና ከልሙጦቹ አንዱን በጣቱ ጠቆመ። «በዚህ እንሄዳለን። በዋዜማው ማታና በዕለቱ ጠዋት የሚዋጥ ክኒን እሰጥዎታለሁ። መጀመሪያ ጥቂት ብቻ እንሰጥና ጠብቀን እናያለን። መቶ በመቶ አይነካዎትም ብዬ ግን አልምልልዎትም።»

«ደግ አደረግህ፣ ልጄ» አለች። «ብትምልልኝ ኖሮ ተነስቼ እሄድ ነበር።»

ስካኑ እስኪደርስ ስድስት ቀን ነበራት። ሰማያዊውን ቀሚስ ልትጠግን ተነሳች። በዚያ ወጣ ገባ ቁርጥ ላይ ጠርዝን ከጠርዝ ብታገጣጥመው ጠባሳው ይታያል፤ ቢደበቅም እጅጌው ይጠባል። ሁለት ቀን አየችው፤ በሦስተኛው ሳቀች። ቁርጡን በመቀስ አቀናችው፣ ከዳር እስከ ዳር በሰማያዊ ጥብጣብ ለበጠችው፣ ከቆርቆሮዋም በጣት ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚዘጋ፣ ሲስቡት የሚከፈት የብረት ቁልፍ አሥራ አንድ መርጣ ከአንባር መዋያው እስከ ትከሻው፣ ከትከሻውም ወደ ደረቱ ደረደረችበት። ከሩቅ ላየው ጌጥ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አላት ባሏ።

«የድንገተኛ በር። አውቶቡስህ አልነበረውም እንዴ?»

«ነበረው። በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ቀን አልተከፈተም።»

«እንደ አፍህ ያድርገው።»

በዕለቱ ያንኑ ለብሳ ሄደች። ነርሷ መርፌ የምትተክልበት ክንድ ስትጠይቃት ሰፊዋ የእጅጌዋን ጫፍ ይዛ ሳብ አደረገችው፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብሎ እስከ ትከሻ ተከፈተ። ነርሷ አፏን ይዛ ቀረች። ቀጥላ እሷም እየዘጋች እየከፈተች ሞከረችው።

ሐኪሙ ራሱ አጠገቧ ቆመ። «አሁን ጥቂቱን እሰጥዎታለሁ። ከዚያ ዝም እንዳይሉብኝ። ያውሩ። ድምፅዎ እስከተሰማኝ ድረስ ጉሮሮዎ ክፍት ነው።»

«ምን ልበል?»

«የፈለጉትን።»

መድኃኒቱ ገባ። ሙቀቱ መጣ። አፏ ብረት ብረት አላት። እስከዚህ ድረስ ያ ቀንና ይህ ቀን አንድ ናቸው፤ መንገዱ የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። መዳፏን አዳመጠች። ብብቷን አዳመጠች። አውቶቡሱ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ደርሷል። የምታወራው ጠፋት፤ ቃል ሁሉ ከአእምሮዋ ረገፈ። የቀራት ዜማ ብቻ ነበር።

መርፌ ዓይኗ ጠቦ…

ድምፁ ሻክሯል፤ አራት ዓመት ያልተከፈተ በር ነውና ማጠፊያው ሲጢጥ አለ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀላት። ቀጠለች። ሁለተኛውን ስንኝ ጨረሰች፤ ደገመችው። አየር ይገባል፣ አየር ይወጣል፤ በመሐሉ ዘፈን ያልፋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ደቂቃ ሄደ፣ ሃያ ሄደ፣ ሠላሳ ሞላ። ክንዷ ልሙጥ ነው። ዘፈን ሲያልቅባት አዲስ ከሆዷ አወጣች፦

ስሸሸው ስሸሸው ጥላዬን ፈርቼ፣
ቀትር ላይ ቆምኩበት እግሬ ሥር አግኝቼ።

ኮሪደር ላይ የነበረው ጡረተኛ ሹፌር መመላለሱን አቆመ። በሩ ዝግ ነው፤ ቢሆንም ይሰማል። «ዝግ ያለ ዜማ ነው» አለ ለልጁ። «የሙሽራ ልብስ ነው የምትሰፋው።» ልጅቷ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

ቀሪው መድኃኒት ተሰጠ፤ መሣሪያው እያጉረመረመ አስገባት፣ አወጣት። ትንፋሽ ይያዙ ሲሏት ያዘች፣ ይልቀቁ ሲሏት ለቀቀች። ያን ያህል ነው። ከዚያም ሁለት ሰዓት አስቀምጠው ጠበቋት፤ አንድ ሽፍታ እንኳ አልወጣባትም።

የኩላሊት ሐኪሟ ምስሉን በስክሪን ላይ ዘርግታ አሳየቻት። ደም ሥሮቹ እንደ ነጭ ክር ጎልተው ይታያሉ። ሰፊዋ ጠጋ ብላ ክሮቹን በዓይኗ ተከተለች፤ አንዱም ወደ ባቄላው አይገባም። ባቄላው ከዳር ነው።

«እንደ ኪስ ከላይ የተለጠፈ ነው» አለች። «ውስጡ አልተሰፋም። ይፈታል።»

ሐኪሟ ከስክሪኑ ላይ ዞር ብላ አየቻት። «እኔም ልነግርዎት የነበረው ይህንኑ ነው። ኩላሊቱ ይተርፋል።» የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተያዘ። ባቄላው ሲወጣ ምንነቱ ይመረመራል፤ ምንም ቢሆን ግን ገና በጊዜው ተደርሶበታል አለቻቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባልየው ከአንዲት ዓሣ ከምትጠብስ ሴት ደጃፍ ሲደርስ እግሩ ያዘው። ጫማው ውስጥ ጠጠር እንደገባ ሰው ጎንበስ አለ።

«ግባ፣ ግባ» አለችው። «አራት ዓመት የኔን ሕመም ታመህልኛል። ለእኔም አንድ እዘዝልኝ፤ ጨውም ጠይቅልኝ።»

በማግስቱ ሥራ ክፍሏ ተከፈተች። ደጅ ላይ ሁለት ደንበኞች ቆመዋል፤ ከነሱ ኋላም ያቺ ነርስ አለች፣ ለክፍሏ እንዲህ እጅጌው የሚከፈት የሕመምተኛ ልብስ ሃያ ማሰፋት ይቻል እንደሆነ ልትጠይቅ የመጣች። ሰፊዋ «ይጠብቁኝ» አለቻቸው። መጀመሪያ የምትጨርሰው ነገር አላት። ነጭ ጥብጣብ ቆርጣ በቀይ ክር ያንን ረጅም ስም ፊደል በፊደል ትጠልፋለች፤ ከሥሩም «ይህ አይስማማኝም» የሚል። ሌላው ሰፊ የራሱን ስም በሚያኖርበት ቦታ፣ ከኮሌታዋ ውስጥ በጀርባ በኩል ሰፋችው፤ ለሰማያዊው ቀሚስ አንድ፣ ለሹራቧ አንድ፣ ለካፖርቷ አንድ። ለቀዶ ሕክምናው የምትለብሰው ላይም ሊሰፋ አራተኛው ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል።

ደጅ ያሉት ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ። ዜማው ፈጣንም ዝግም አይደለም፤ ለራሷ ስትሰፋ ሰምተዋት አያውቁም።